ዓይን የሌለው በላተኛ

የግመል ፋንድያ በውኃ ሲበጠበጥ የሚወጣው ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫ ያስይዛል። እኔን ግን ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ እናቴ ደጅ ይመልሰኛል።

እናቴ ከባቲ እህል የምታመላልስባት አንዲት ግመል ነበረችን። ያን ዓመት እየበላች ከሳች፤ ሻኛዋ ሟሸሸ። አጎቴ "የሰው ዓይን ነው፤ ቡዳ በልቷታል" አለና ጎረቤታችንን፣ ሸክላ ሠሪዋን እትዬ ወርቄን፣ እየጎተተ አመጣቸው።

"እትፍ በይባት! የበላት ከተፋባት ትድናለች!" ብሎ ጮኸባቸው። እትዬ ወርቄ አንገታቸውን ደፉ።

እናቴ መካከል ገባች። "ወላሂ፣ እሳቸው በእኔ ደጅ አይተፉም!" ጎንበስ ብላ ትኩሱን ፋንድያ በእንጨት ፈረካከሰችው። ሩዝ የሚያካክሉ ነጫጭ ትሎች ይላወሱበታል።

"የበላት ይኸውልህ። በል ዓይኑን አሳየኝ!" አለችው።

አጎቴ የእትዬ ወርቄን ክንድ ለቀቀ። እኔ ግን ነገሩ ስላልገባኝ ተንበርክኬ የትሎቹን ዓይን ስፈልግ ቆየሁ። እናቴ ፋንድያውን በፌስታል ቋጥራ እንስሳት ክሊኒክ ሄደች፤ የትል መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። ግመሏ ዳነች። አጎቴ ግን እትዬ ወርቄን ይቅርታ አላላቸውም፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ክሊኒኩ ውስጥ ማይክሮስኮፑ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት አንድ ባለግመል የከሳች ግመሉን እየሳበ መጥቶ "መርፌ ምን ያደርግላታል? ዓይን ነው፤ ሴትዮዋንም አውቃታለሁ" አለኝ።

ከግመሉ ፋንድያ ያገኘሁትን የትል እንቁላል ማይክሮስኮፑ ላይ አነጣጥሬ ወንበሬን ለቀቅኩለት።

"ና፣ እይ" አልኩት። "ዓይን ካገኘህበት ግመልህ ላይ እኔው እተፋለሁ።"