አንድ ሜትር ከሰባ ስድስት

ማክሰኞ የካቲት 18 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጎረቤቱ ደውላ የጠራቻት እህቱ ስትደርስ የሆስፒታሉ መግቢያ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ቅጹ አሥራ አራት ጥያቄ አለው። እስከ አሥረኛው በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። «የቅርብ ተጠሪ» በሚለው ላይ የእሷን ስም ጽፎ፣ ሰርዞ፣ እንደገና ጽፎታል። አሥራ አንደኛው፣ «ቁመት» የሚለው፣ ባዶ ነው። ከዚያ በታች ምንም አልተነካም። እስክሪብቶው እንደተከፈተ ወረቀቱ ላይ ተጋድሟል።

እሱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ነበር። ለዳሌው ቀዶ ሕክምና ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ሐኪሙ «እግሩ ላይ የረጋ ደም ተነሥቶ ሳንባውን ዘግቶበታል፤ ተቀምጦ የሚያድር ሰው ላይ ይደርሳል» አለ። አልጋ ከተወ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ጀርባው ጋደም ማለትን አይፈቅድለትም።

የአየር ወለድ ዝላይ አስተማሪ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲቀጠር ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ስድስት ሆኖ ተመዘገበ። በሃያ አምስት ዓመት አገልግሎት ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ዘሏል። ጦር ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ከየትም ቢወረወር በእግሩ ያርፋል ተብሎ «ድመቱ» ነበር የሚባለው።

ያላየ ሰው ጃንጥላ ሲከፈት ጭንቁ ያለቀ ይመስለዋል። ሲከፈት አንገትን ነቅሎ ሊወስድ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ምድር አለች። ክብ ጃንጥላ ሰውን አባብሎ አያወርድም። ከሦስት ሜትር አጥር ላይ ከነሸክም እንደ መዝለል ነው። ስለዚህ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው አወዳደቅ ነው። «እግር ግጠም፣ ጉልበት አላላ፣ ተንከባለል» እያለ ሃያ ጊዜ ያስደግማቸዋል። ራሱ ግን አይንከባለልም። ተማሪ እያየው ቀጥ ብሎ በእግሩ ያርፍና ጃንጥላውን እየሰበሰበ «እናንተ ይህን እንዳትሞክሩ» ይላቸዋል። ማጨብጨባቸውን ይወደው ነበር። ያን ጭብጨባ ጉልበቱ፣ ዳሌውና አከርካሪው ተሸከሙት።

ሜዳው ዳር የሐኪም መኪና ይቆማል። ያነከሰ ሰው ከታየ ከዝላይ ዝርዝር ይሰረዛል። ዘላዮቹ ለዚህም መላ ነበራቸው፤ «አጀብ» ይሉታል። የተጎዳውን መሐል አድርገው ከግራና ከቀኝ በትከሻ ደግፈው፣ እየዘፈኑ በሐኪሙ ፊት ያልፋሉ። ድመቱ ብዙ ሰው አጅቧል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን የሚታጀበው እሱ ነበር።

እህቱ በሁለት ዓመት ታንሰዋለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የመዝገብ አያያዝ ነው። የተመደበችው እዚያው ጦር ሰፈር ክሊኒክ ሲሆን «አሁን ደግሞ ሳነጥስም ትመዘግቢያለሽ» ብሎ ስቆባታል። የሰው እጥረት ስለነበር ካርድ መጻፍ ብቻ ሳይሆን በየኅዳሩ ምርመራ ክብደትና ቁመት የምትለካውም እሷ ነበረች። ደንቡ አጭር ነው፦ ቁመቱ ሦስት ሳንቲሜትር የቀነሰ ዘላይ አከርካሪው ራጅ ይነሣል። ራጅ የገባ ሰው ደግሞ ወደ አውሮፕላኑ ሲመለስ ታይቶ አይታወቅም።

በአገልግሎቱ አሥራ አምስተኛ ዓመት ባዶ እግሩን መለኪያው ሥር ቆመ።

«አንድ ሰባ ሦስት» አለችው።

«ደግመሽ ለኪ።»

ደገመች። «አንድ ሰባ ሦስት።»

«ያምናውን ጻፊ።»

«ያምናው ያምና ነው።»

«መጋዘን ገብቼ ብርድ ልብስ ስቆጥር ማየት ነው የሚያምርሽ?»

ተሰልፈው የሚጠብቁት ከበሩ ውጭ ይሳሳቃሉ። እሷ 176 ብላ ጻፈች። የመጀመሪያው ዓመት እጇን ከበዳት፤ ሁለተኛው ቀለለ። እስኪሰናበት ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ያንኑ ቁጥር ጻፈች።

ከተሰናበተ በኋላ ገላው ዕዳውን ጠየቀው። ካልሲ ማድረግ አቃተው። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተጨፍልቀዋል፤ የቀኝ ዳሌው መጋጠሚያ አልቋል። የጦሩ ሆስፒታል ዳሌ የሚቀይረው ግን ጉዳቱ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ነው ተብሎ ለተወሰነለት ብቻ ነበር። ያለዚያ ውሳኔ ከወንበሩ እስከ ሽንት ቤት ከሚሄድበት መንገድ የረዘመ መንገድ አይኖረውም።

የሕክምና ቦርዱ ሰብሳቢ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካርዱን አገላበጡ።

«ስትሰናበት አንድ ሰባ ስድስት ነህ። ዛሬ አንድ ሰባ ነህ። በሁለት ዓመት ስድስት ሳንቲሜትር የት ጣልክ?»

«ሜዳው ላይ ነው ጌታዬ። ያኔውኑ።»

«ካርዱ አያውቅም።»

«ካርዱ ዘሎ አያውቅም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ከካርዱ ጋር ተጣላ» አሉትና ጉዳቱ ከአገልግሎት በኋላ የደረሰ ነው ብለው ፈረሙ።

ከካርዱ ጋር አልተጣላም፤ ከጻፈችው ጋር ተጣላ። እሑድ እሑድ የእግሩን ጥፍር ልትቆርጥለት ትመጣ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ እግሩ ላይ መድረስ አይችልማ። እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቆርጥ ነው ጠቡ የሚነሣው።

«የተማርሽ ነሽ ሲሉ ሰምቼ ነበር» አላት። «የተማረ ሰው ጻፊ ያሉትን ሁሉ ይጽፋል?»

«ድመት ስላሉት ድመት የሚሆን ሰውስ የተማረ ነው?»

«ጣቴን ትቆርጪኛለሽ፣ ቀስ በይ።»

«ለቦርዱ እጽፍላቸዋለሁ። በእጄ ያበላሸሁትን በእጄ አቀናለሁ።»

«ማን ለመነሽ? ያባርሩሻል። እኔ እጽፋለሁ። እንዳያወጡኝ ብዬ እግሬ ሥር ካርቶን ለጥፌ አታለልኳት እላለሁ።»

«ባዶ እግርህን ነው የለካሁህ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ። መዝገቤ ላይ ያንተ አንድ ውሸት አለ፤ ሁለተኛ አላስገባም።» የቀረውን ጥፍር ሳትቆርጥ ተነሥታ ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከግራ እግሩ ትንሽ ጣት ጀመረች።

የእሷ ቃል ብቻ እንደማይበቃ ታውቃለች። ለወንድሟ ብላ ዋሸች፣ አሁንም ለወንድሟ ብላ ትዋሻለች ይሏታል። ሌላ ሰው የለካው ልክ ያስፈልጋት ነበር። ሁለት ወር ስታስብ ቆይታ የሰልፍ ልብስ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ትዝ አላት። ሰውየው በየሦስት ዓመቱ የእያንዳንዱን አስተማሪ ልክ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ደብተሮቹን ከጨርቅ ክምር ሥር አወጣላት። ሱሪው ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ልክ ነው፤ ኮቱ ግን በየጊዜው አጥሯል። ከወገብ በታች ያለው ሰውዬ እንዳለ ነው፤ ከወገብ በላይ ያለው እያለቀ ሄዷል።

«እኔ ትከሻው ወረደ ብዬ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው። «ኮት አይዋሽም እኮ። ልኩን ከሳትኩ አደባባይ ላይ ያዋርደኛል።»

ወሬው ቀድሟት ጦር ሰፈሩ ደረሰ። በማግሥቱ የድመቱን ቦታ የተረከበው አስተማሪ ክሊኒኩ በር ላይ ተደግፎ ቆመ። ከቅጥነቱ የተነሣ «ሲባጎ» ይሉታል።

«እህታችን፣ የአንድ ሰው ዳሌ ለመጠገን የስንት ሰው ጉሮሮ ትዘጊያለሽ? አንድ ካርድ ውሸት ከሆነ ሁላችንንም እንደገና ይለኩናል።»

«ስንት ናችሁ ያጠራችሁት?»

«እኔ ስለ ማጠር አላወራሁም።»

«ጫማህን አውልቅና መለኪያው ሥር ቁም።»

አልቆመም። «ድመቱን ትከሻችን ላይ ነው ያኖርነው» አላት። «ከዛሬ ወዲያ እጁን ዘርግቶ ቢለምነን የሚደግፈው የለም። ይህንንም ጻፊው።»

ደብዳቤዋ ሁለት ገጽ ነበር። አሥራ አንዱን ዓመት በተራ ጠቅሳ፣ የለካችው የጻፈችው አለመሆኑን፣ ያዘዛት ወንድሟ ቢሆንም የጻፈችው እሷ መሆኗን አስፍራ፣ የልብስ ሰፊውን ገጾች አያይዛ አስገባች። «ይቅርታ» የሚል ቃል አልነበረበትም። ቦርዱ ውሳኔውን ሻረ፤ «በአገልግሎት ላይ የደረሰ» ተባለ፤ የቀዶ ሕክምና ቀን ተቆረጠ። ዘላዮቹ ሁሉ እንደገና ተለኩ። አሥራ ሰባቱ ከዝርዝር ወጡ፤ ሲባጎ አንዱ ነበር። እሷም ተሰናበተች። የስንብት ደብዳቤው ላይ ቀኑ ተሳስቶ ስለነበር በቀይ አርማ መለሰችላቸው።

ድመቱ ይህን ሁሉ የሰማው ከሰው ነው። አብረውት የዘለሉት መንገድ ላይ ሲያዩት ማዶ ይሻገራሉ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጥባት ሱቅ ደጃፍ ወንበሩን አነሡበት። ለእህቱ ደወለላት።

«ዳሌ ሰጠሽኝ» አላት። «በዳሌው የምሄድበት ቤት አሳጣሽኝ።»

«የኔ ቤት አለ።»

«ያንቺ ቤት ፎቅ ነው።»

ስልኩን ዘጋው። እሑድ ሄደች፤ በሩን አልከፈተም። በቀጣዩም እሑድ አልከፈተም። ከውስጥ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ሲያደርገው ትሰማለች።

ቢሮዋ ውስጥ የቀሩ ዕቃዎቿን ጦር ሰፈሩ በካርቶን አሽጎ በር ጥበቃ ቤት አስቀመጠና እንድትወስድ ሁለት ጊዜ አስደወለ። «ጣሉት» አለች። እዚያ በር ላይ ቆማ ለአሥራ ሰባቱ ልትታይ አልፈለገችም። ዘበኞቹ «ጣሉት» ማለቷን ለማን እንዳደረሱት አልጠየቀችም።

ሐሙስ የካቲት 13 ቀን ድመቱ ምርኩዙን ይዞ በአውቶቡስ ጦር ሰፈሩ በር ደረሰ። ከዘበኞቹ አንዱ ራሱ ያስተማረው ነበር። ይኸው ዘበኛ የኋላ ኋላ እንዳወራው፣ ሲባጎ «ትንሽ ይቁም» ብሎ ስለነበር አርባ ደቂቃ አቆሙት፤ ወንበር ያመጣለት አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። ካርቶኑን ሲሰጡት የጎደለ እንዳለ ከፍቶ አየና «ኩባያዋስ?» አለ። ከክሊኒኩ አስመጡለት። በጋዜጣ ጠቅልሎ ከሹራቧና ከነጠላ ጫማዋ መሐል ወሸቀው፤ ካርቶኑን በሲባጎ ገመድ አስሮ ጀርባው ላይ አዘለ። አንዱ ጎረምሳ «ላግዝዎ?» ሲል «ሸክም ለባለቤቱ ነው» ብሎ ሄደ።

የእህቱ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሷ ወጥ ቤት ሆና ደረጃው ላይ ድምፅ ሰማች፦ ምርኩዝ፣ አንድ እግር፣ ሁለተኛው እግር፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። ዕቃ የሚያወጣ ሠራተኛ መሰላት። ድምፁ በሯ ላይ ደረሰ፤ አንድ ነገር መሬት ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ በሩ በምርኩዝ ሁለት ጊዜ ተመታ። እጇን አድርቃ ስትከፍት ካርቶኑ ብቻ ነበር። እሱ ወደ ታች ጀምሯል፤ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቷት።

«ግባ እንጂ» አለችው ከላይ።

«ኩባያው አለ፤ እይው» አላት ሳይዞር፣ መውረዱንም ሳያቆም።

ካርቶኑን ወደ ውስጥ ጎትታ ገመዱን ፈታች፤ ኩባያው ሳይሰበር በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ነበር።