ያልተተከለው ድንኳን

የአክስቴ ልጅ የተሳፈረበት አውሮፕላን ባሕር ላይ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። የክንፉ ስብርባሪ ተገኝቶ የዚያው አውሮፕላን መሆኑ ተረጋግጧል። አሰላ ያለው ቤታቸው ግን እስካሁን ለቅሶ አልተቀመጠም። አክስቴ ዩቲዩብ ላይ «ተሳፋሪዎቹ አንዲት ደሴት ላይ ታግተዋል» የሚል ዘጋቢ ፊልም አይተው፣ «በሕይወት ላለ ልጅ ድንኳን አይተከልም» ብለው ዕድርተኛውን ከበር መለሱት። ባለቤታቸውን ደግሞ ልጃቸው ፍትሐት ሳይደረግለት መቅረቱ እንቅልፍ ነሳቸው። «ጋዜጠኛ ነህ፣ አንተን ትሰማለች» ብለው ከአዲስ አበባ ጠሩኝ።

ፊልሙን ከአክስቴ ጎን ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አየሁት። የደሴቲቱ ፎቶ አውሮፕላኑ ከመጥፋቱ በፊት ኢንተርኔት ላይ የነበረ የመዝናኛ ቦታ ፎቶ ነው። በስልካቸው ፈልጌ አሳየኋቸው።

«እሺ፣ ፎቶው ይዋሽ» አሉ። «አንተ ልጄን ሞቶ አይተኸዋል?»

«አላየሁም፣ እትዬ። ግን ስብርባሪው...»

«እሱስ ሲገኝ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«እነሱ አለ ይሉኛል፣ አንተ የለም ትለኛለህ። ሁላችሁም አላያችሁም። ታዲያ እናቱ ማንን ልመን?»

ያላየሁትን አየሁ ብዬ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላልኩም። አክስቴ ስልካቸውን ተቀብለው ክፍል ሁለትን ከፈቱ።

ውጭ ባለቤታቸው ዳግም ያስጠሯቸው የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ጋሪ ላይ ጭነው ይጠብቁ ነበር። ባለቤታቸው ፊቴን አዩ። ጋሪውን እንዲመልሱት በእጃቸው ብቻ አሳዩዋቸው።