ጋሽ ሰይድ የፈታቱት ማሽን

ይህ ነገር ከደረሰ ሁለት ክረምት አልፏል። ለባለቤቴ እንኳ ሙሉውን አልነገርኩትም። አሁን ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ባለፈው ወር አንድ ግብዣ ላይ ሰዎች ስለ ማኅበራችን እድገት ሲያወሩ ስለሰማሁ ነው።

የፓተንት ወኪል ነኝ። ሰው አዲስ ነገር ሲፈጥር ሌላ እንዳይቀማው ማመልከቻውን አዘጋጅቼ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አስገባለሁ፤ እስከ መጨረሻውም እከታተላለሁ። ቢሮዬ ገርጂ ነው። በአገራችን ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው። ከዓመታት በፊት ዘጠኝ ሆነን ማኅበር ስናቋቁም፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንዲት ካፌ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን ነበር የምንሰበሰበው። አቅም የሌላቸውን የፈጠራ ሰዎች በነፃ ልንወክል ቃል ገባን። አንድ ሰው ጉዳይ ይዞ ሲመጣ "ይሄ የማን ነው?" ይባላል። አንዳችን "የእኔ" ይላል። አለቀ።

ሰብሳቢ ሆኜ ስመረጥ ማኅበሩን ማሳደግ አለብኝ አልኩ። ከያዝኩ የማልለቅ ሰው ነኝ። ወጣት መሐንዲሶችንና የሕግ ባለሙያዎችን አንድ በአንድ እየደወልኩ አባል አደረግሁ። ሥልጠና ጀመርን፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ ቢሮ ተከራየን፣ ኮሚቴ አቋቋምን፣ ኮሚቴውም ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። ጸሐፊያችን ቴዎድሮስ ቀልጣፋ ሰው ነው፤ ቃለ ጉባኤ ሲይዝ አንዲት ነጥብ አታመልጠውም። "ሶስና፣ አሁን ገና ማኅበር ሆንን እኮ" ይለኝ ነበር። እኔም ልቤ ይሞላል።

ጋሽ ሰይድ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ላምበረት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በርና መስኮት ይበይዳሉ። ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ ሾላ ገበያ ዛላ በርበሬ ሲቀነጥሱ ነው የኖሩት። ቀኑን ሙሉ የዛላውን ጭራ በጣት መቅነጠስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እጃቸው ሲቃጠል፣ ዓይናቸው ሲያለቅስ ኖሮ በመጨረሻ ዓይናቸው ደከመ። ጋሽ ሰይድ ይህን እያዩ ዓመታት ሙሉ ሲሠሩ ሲያፈርሱ ቆይተው፣ በእጅ እየተዘወረ በርበሬ የሚቀነጥስ ማሽን ሠሩ። ውስጡ ሁለት የብረት ማበጠሪያዎች አሉት፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይሄዳሉ። ንድፉን የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ሥለው ነበር ያመጡልኝ።

"ብረቱ የእኔ ነው" አሉኝ። "ሐሳቡ ግን የሷ ነው። ማበጠሪያውን ሁለት አድርገው ያለችኝ እሷ ናት። ስሟ ከስሜ በፊት ይጻፍልኝ።"

ስንቱን የፈጠራ ሰው አይቻለሁ። የሌላ ሰው ስም ከእኔ ይቅደም ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ውክልናውን ጋሽ ሰይድ ፈረሙ፤ ፊደል ያልቆጠሩት እማማ ዘይነባ አሻራቸውን አደረጉ። ንድፉን፣ መግለጫውንና ውክልናውን ፖስታ ውስጥ አሽጌ፣ የነፃ ጉዳይ አሁን በኮሚቴ በኩል ስለሚያልፍ፣ ለማኅበሩ ቢሮ ሰጠሁ።

ዓመታዊ ጉባኤያችን ደርሶ ነበር። ቦሌ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አዳራሽ ይዘናል፣ እንግዶችና ጋዜጠኞች ጠርተናል። መድረክ ላይ አንድ እውነተኛ ፈጠራ ቢታይ ማኅበሩን ሰው ያውቀዋል የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ በማንም አላመካኝም። ማመልከቻው ግን ገና አልገባም። ለማንኛውም ደንበኛዬ መጀመሪያ የምነግረው "ሳታስመዘግብ ለሰው እንዳታሳይ" ብዬ ነው። እርግጥ ሕጉ ይታገሣል፤ ባለቤቱ ፈጠራውን ለሕዝብ ካሳየ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ማመልከት ይችላል። ዓመቱ ካለፈ ግን ፈጠራው እንደ አዲስ አይቆጠርም፤ የማንም ይሆናል። "በሚቀጥለው ሳምንት እናስገባዋለን" አልኩ ለራሴ።

ጋሽ ሰይድ ኮት ለብሰው መጡ። ማሽኑን ሲያዞሩት ዛላው በአንድ በኩል፣ ጭራው በሌላ በኩል ወረደ። አዳራሹን የበርበሬ ሽታ ሞላው። ፊት ወንበር የተቀመጡት ክቡራን እንግዶች ማስነጠስ ሲጀምሩ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ከዚያም ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሁሉም በስልኩ ይቀርጻል። በሚቀጥሉት ሳምንታት የአባልነት ቅጽ የሚጠይቀን ሰው በዛ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ተሳካልኝ ያልኩበት ጊዜ የለም።

ፖስታው ለነፃ አገልግሎት ኮሚቴው ተመራ። ኮሚቴው ለሰነድ አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ መራው። የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ለትምህርት ውጭ አገር ሄደ። ሪፖርቱ ላይ "በሂደት ላይ" ተብሎ ተጻፈ፤ ስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይድ ሁለት ጊዜ ደውለው ሲጠይቁኝም "አይዞዎት፣ በሂደት ላይ ነው" አልኳቸው። ፖስታውን አይቼው ግን አላውቅም።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ገርጂ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ጫማቸው ጭቃ ለብሷል። ፊታቸው ላይ ግን ጭንቀት የለም።

"ልጄ፣ እዚያው ላምበረት መንገድ ማዶ አንዱ የኛን ማሽን እየሠራ ለሾላ ነጋዴ ያቀርባል። ሰው ፊት ሌባ አልኩት። 'የአንተ ከሆነ ወረቀቱን አምጣ' አለኝ። ይኸው ወረቀቱን ልወስድ መጣሁ።"

ቤት ይጠብቁኝ ብዬ ሸኘኋቸውና ወደ ማኅበሩ ቢሮ በረርኩ። የፋይል ቁምሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። ፖስታው የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ራሴ እንዳሸግሁት ተኝቷል። እዚያው ቆሜ ከጉባኤው ቀን ጀምሮ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ዓመቱ ካለፈ አርባ ቀን ሆኖታል። ፖስታውን ስቀደው መጀመሪያ የወጣው እማማ ዘይነባ አሻራ ያደረጉበት ወረቀት ነው። እሱን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሥራ አስፈጻሚውን ጠራሁ። ሰባት ነበርን። እያንዳንዱ "እኛ እኮ መርተነዋል" የሚል ማስታወሻ አሳየ። ሁሉም እውነቱን ነው፤ ተመርቷል። "የእኔ ነው" ያለ ግን አልነበረም። እኔም አላልኩም።

"ሶስና፣ ስሜት ውስጥ አንግባ" አለ ቴዎድሮስ። "አሁን ብናስገባውም አዲስ አይደለም ተብሎ መመለሱ አይቀርም። እሱኑ ብንጽፍላቸው ውሸት አይደለም።"

"ለምን አዲስ ሳይሆን እንደቀረስ?"

"እሱን አንጽፍም። ይህ ነገር ከወጣ ነገ ማን እኛን አምኖ ይመጣል? ሌሎቹን የነፃ ደንበኞችም አስቢ እንጂ።"

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ነበር። እጄን ይዞ ያስፈረመኝ የለም። ፈረምኩ።

ላምበረት ስደርስ ከሥራ ቦታቸው ኋላ ባለችው ቤታቸው አስገቡኝ። ሻይ ቀረበልኝ። ደብዳቤውን ለጋሽ ሰይድ ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸው ተሰብሮ ነበርና መለሱልኝ።

"አንቺው አንብቢልን" አሉ እማማ ዘይነባ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

አነበብኩት። ፈጠራው የአዲስነት መስፈርትን ስለማያሟላ የሕግ ጥበቃ ሊያገኝ እንደማይችል በአክብሮት እንገልጻለን ይላል።

"አዲስ አይደለም ማለት ምን ማለት ነው?" አሉኝ እማማ ዘይነባ። "ከኛ በፊት ሌላ ሰው ሠርቶት ኖሯል?"

እኛው ነን መድረክ ላይ አውጥተን ያጠፋንባችሁ ማለት ነበረብኝ። "ቀደም ሲል ለሕዝብ የታየ ነገር ነው ማለት ነው" አልኳቸው። ቃሏን መርጬ ነው ያወጣኋት። በሕግ ዓይን ብትታይ ስህተት የለባትም።

ጋሽ ሰይድ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "እንግዲያ ያን ሰው በከንቱ ነዋ ሌባ ያልኩት" አሉ።

ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

አሥር ቀን ቻልኩ። አሥረኛው ቀን ረፋድ ላይ ሥራዬን ጥዬ ላምበረት ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ የመስኮት ብረት እየሞረዱ ነበር። ማሽኑ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

"ማሽኑስ ጋሼ?"

ወደ ጥጉ ጠቆሙኝ። እጀታው ለብቻ፣ ሳጥኑ ለብቻ ተፈታቷል። የማበጠሪያዎቹ ጥርሶች አንድ በአንድ ተቆርጠዋል።

"የሰው ሐቅ ቤቴ አላስቀምጥም" አሉኝ። "ያንንም ሰውዬ ሄጄ አናገርኩት። ሰው ፊት ሌባ ስላልኩት፣ ሰው ፊት አፉ በለኝ አልኩት። አላህ ይስጠው፣ አላስቸገረኝም።"

ከዚያ እዚያው እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፖስታውን፣ መሳቢያውን፣ አርባውን ቀን፣ ስብሰባውን፣ ደብዳቤውን። ከእናንተ በፊት የሠራው ሰው የለም አልኳቸው። ሞረዱን አስቀመጡ። እማማ ዘይነባ ድምፄን ሰምተው ኖሮ ግድግዳውን እየደገፉ ወጡ።

"አሻራዬ ያለበት ወረቀት ዓመት ሙሉ እዚያው ተኝቶ ነበር?"

"አዎ እማማ።"

"ያን ቀን ስታነቢልን ይሄን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ጋሽ ሰይድ ጣልቃ ገቡ።

"ልጄ፣ የፖስታው ይሁን። ሰው ነሽ፣ ትረሻለሽ። እኔ ግን አሥር ቀን ሙሉ የሰገድኩት ሌባ ነኝ ብዬ አምኜ ነው።"

አብሬዎት ልሂድ፣ ለሰውዬውም ለሰፈሩም እውነቱን እኔው ልናገር ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አሁን ሄጄ ምን ልበለው? አፉ በለኝ ያልኩትን ሰው ተመልሼ ሌባ ልበለው? ወረቀትስ ይኖረኛል?"

አይኖራቸውም። ሰውዬው በሕግ የሚጠየቅበት ነገር የለም። በሩን የከፈትንለት እኛ ነን።

"ማሽኑን ደግመው ይሥሩት ጋሼ" አልኳቸው።

"እጄ እሺ አይለኝም" አሉና ሞረዳቸውን አነሡ።

እማማ ዘይነባ እስከ በሩ ሸኙኝ። "አፉ ብለንሻል" አሉኝ። "ቂም አንይዝብሽም። ግን ሁለተኛ እዚህ አትምጪ።"

አልሄድኩም።

በተከታዩ ጉባኤ ላይ የፖስታውንና የደብዳቤውን ታሪክ ለአባላቱ ተናግሬ ከሰብሳቢነት ወረድኩ። ይጮኹብኛል፣ አንዱ ተነሥቶ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ብሰደብ በወደድኩ። አባላቱ አጨበጨቡልኝ። ቴዎድሮስ ስለ ግልጽነቴ አመሰገነኝ። ክፍተቱን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመና ወደ ምርጫው ተገባ። ዛሬ ሰብሳቢው ቴዎድሮስ ነው፤ ማኅበሩም ከእኔ ጊዜ በእጥፍ አድጓል። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ስል ራሴን የማዳን ይመስልብኛል፤ ግን እውነቱ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ሾላ በርበሬ ልገዛ ገብቼ አንዲት ወጣት ሴት ያን ማሽን ስታዞር አየኋት። ዓይኗ ደረቅ ነው፣ እጇ አልተቃጠለም። ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ አልኳት።

"እንጃ፣ ከላምበረት ነው የሚመጣ።"

"ያሰበችው ዘይነባ የምትባል ሴት ናት። እዚሁ ገበያ በርበሬ ስትቀነጥስ የኖረች።"

"ይሁና" አለችኝ፤ ትንሽ ግር ያላት መሰለኝ። "ስንት ኪሎ ልስጥሽ?"

ሥራዬን አልተውኩም፤ ሌላ ሙያ የለኝም። አሁን ማመልከቻ በተሰጠኝ ቀን ራሴ ይዤ ሄጄ አስገባለሁ፤ ለማንም አላስተላልፍም። ታሪኩን የሚያውቁ ጓደኞቼ ከስህተትሽ ተምረሻል እያሉ ያጽናኑኛል። እኔ ግን የተማርኩት በሁለት ሽማግሌዎች ላይ ነው። እነሱ ወረቀት ፈልገው ነው የመጡት፤ ለእኔ ትምህርት እንሁን አላሉም።