አቤት የሚባልበት ትምህርት ቤት

እትዬ እታገኘሁ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከጨርቅ ሱቅ በላይ በተከራዩት ሁለት ክፍል፣ እኛን የስደተኛ ልጆችን ያስተምሩ ነበር። የትምህርት ቤቱ ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ የተጠራ ሁሉ «አቤት» ይላል። ልጅ ለትልቅ ብቻ አይደለም። የአንደኛ ክፍሏ ዘኪያ ስትጠራቸው እሳቸውም ቀና ብለው «አቤት» ይሏታል። አንዳንድ ወላጅ «ልጆቻችንን አባለጉብን» እያለ ያጉረመርም ነበር። ያጉረምርም። እሳቸው «ለልጅ የነፈግኩትን ክብር ከልጅ አልጠብቅም» ካሉ አለቀ።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ስደተኛውን ለማባበል ከአዲስ አበባ የተላከ ባልቻ የሚባል የደርግ ካድሬ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ክፍላችን ገብቶ ስሙን ነገረን፤ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አቤት የሎሌ ቃል ነው» አለ። «እሱን ተዉና ጓድ ተባባሉ፤ መጽሐፉ የእናንተ ነው።»

እኛ አንድ መጽሐፍ ለስድስት ነበር የምናነበው። ዓይናችን ካርቶኑ ላይ ቀረ።

እትዬ እታገኘሁ ካርቶኑን አንስተው መልሰው አስታቀፉት። «ሎሌን ሎሌ ያደረገው ጌታው መልሶ አቤት አለማለቱ ነው። እዚህ ሁላችንም እንላለን። እናንተ ዘንድ ግን ጓድ ተብሎ ከቤቱ የተጠራው ስንቱ ነው ወጥቶ የቀረው?»

ሰውየው ፊቱ ጠቁሮ ወደ ደረጃው አመራ። ኮፍያውን ረስቶ ነበር።

«ጋሼ ባልቻ» ብላ ዘኪያ ከኋላው ተጣራች።

ዞር አለና፣ «አቤት» አለ።