ትራክተር ነጂው የነገሩኝ

በደርግ ዘመን፣ አብደራፊ አጠገብ በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። ክሊኒክ ይባል እንጂ ሁለት ጠረጴዛ የገባበት አንድ የቆርቆሮ ቤት ነው። በአንደኛው ጠረጴዛ ኃላፊው፣ በሌላኛው እኔ እንቀመጣለን። ክረምት ከገባ የሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ወባ ነው። ወባ ባይሆንም ወባ ነው እንልና ክሎሮኪን ሰጥተን እናሰናብተዋለን።

አንድ የጎጃም ሰው ነበሩ፤ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ትራክተር ይነዳሉ። ጠዋት ጠዋት እየመጡ ይንቀጠቀጣሉ። ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ብርጭቆ አይጨብጥም፣ ሰውነታቸው ግን አይተኩስም። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው፣ "ወባ ነው፣ ስጫቸው" ይለኛል። እኔ ደግሞ ጥርሴን ነክሼ እሰጣለሁ።

ስልጠና ላይ ያስተማረን አንድ ሐኪም ነበር። የሚጠጣ ሰው ስድብ ጠግቦ ነው የሚመጣችሁ፣ እናንተ ደግሞ አትጨምሩበት፤ ጠይቁት፣ አዳምጡት፣ ምክራችሁን አሳጥሩት ይለን ነበር። አንድ ቀን ኪኒኑን ከመስጠቴ በፊት ወንበሬን አስጠግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋቸው።

"አባቴ፣ መጠጥ ይጠጣሉ?"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝ። ሕመምዎ ወባ አልመስል አለኝ።"

መሬት መሬቱን እያዩ፣ "ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመስኩ መሪ መጨበጥ አልችልም" አሉኝ። "ማታ የእርሻው ሠራተኞች ክበብ እጠጣለሁ። ክበቡ ሲዘጋ ከሱዳን፣ ከገላባት በኩል የሚገባውን አረቄ እገዛለሁ። ልጄን ለውትድርና ከወሰዱት ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት።"

"አሁን ምን ቢሆንልዎ ይወዳሉ?"

"እጄ ቢረጋልኝ።"

በአንድ ጊዜ ማቆም አደጋ እንዳለው፣ ጥቂት በጥቂት እንዲቀንሱ፣ እህል ሳይቀምሱ እንዳይጠጡ፣ እጃቸው በተንቀጠቀጠ ሰዓት ትራክተር ላይ እንዳይወጡ፣ ደግሞም እየመጡ እንዲያዩኝ ነገርኳቸው። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየንም። ሲወጡ ግን ትከሻቸው ቀለል ያላቸው መሰለኝ።

ተመልሰው መጡ። ደግመውም መጡ። መንቀጥቀጡ እየቀነሰ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አስጠራኝ።

"ጓድ፣ ንቃትሽን አደንቃለሁ። ሰካራም ከመንግሥት ንብረት ላይ አወረድሽልን።"

መጀመሪያ አልገባኝም፤ ቀጥሎ ከራሱ አፍ ሰማሁት። ኃላፊው ከጎኔ ተቀምጦ የሰማውን ሁሉ፣ ክበብ ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲጠጣ አጫውቶታል። ሰውዬው ከትራክተሩ ወርደው ሰሊጥ አረም ላይ ተመድበዋል።

"እኔ ማንንም አላስወረድኩም" አልኩት። "ያነጋገርኩት በሽተኛ ነው።"

"ምን በሽታ አለው? የጎደለው ሥርዓት ነው።"

"ክበቡ ውስጥ አረቄ የሚሸጥላቸው ማነው ታዲያ? እርሻው አይደለም?"

ፊቱ ጠቆረ። "ወደ ሥራሽ ሂጂ" አለኝ።

በንዴት በሩን ገፍቼ ክሊኒክ ገባሁ። ኃላፊው መርፌ እየቀቀለ ነበር።

"ለእሳቸው ደኅንነት ብዬ እኮ ነው። ትራክተር ቢገለብጡስ?" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ወባ ነው እያልክ ስትሸኛቸው ከረምክ? ያኔ ትራክተሩ አይገለበጥም ነበር?"

መርፌውን ማገላበጥ ቀጠለ። ማንቆርቆሪያውን አንስቼ ብወረውርበት ደስ ባለኝ ነበር።

በማግስቱ ጭቃውን እየረገጥኩ የሰሊጡ ማሳ ድረስ ሄድኩ። ሰውዬው ከወጣት ሠራተኞች መካከል አጎንብሰው ያርማሉ። አለቃቸው፣ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ "አንተ ሽማግሌ፣ ፈጠን በል" ይላቸዋል። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

"አባቴ፣ እኔ አይደለሁም የነገርኩት" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። አንቺ ባትጠይቂኝ ግን ኃላፊሽ ምኑን ይነግራቸው ነበር?"

ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ጥቂት አርመው ቀና አሉ።

"የጠዋቷን ትቻታለሁ" አሉኝ። "የማታዋ አልለቀቀችኝም። በይ ሂጂ፣ ከኔ ጋር አይዩሽ።"

መኸር ሲደርስ ሁለት ነጂዎች በእውነተኛ ወባ ወደቁና ሰውዬውን ያለ አንድ ቃል ትራክተሩ ላይ መለሷቸው። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። ሥራ አስኪያጁም ኃላፊውም ምንም እንዳልተፈጠረ ክበብ መቀመጣቸውን ቀጠሉ። ሰውዬው ሥራቸውን በደንብ ሠሩ፤ ክሊኒክ ግን ዳግም አልረገጡም።

የተበላሸው የእሳቸው ነገር ብቻ አልነበረም። ወሬው ካምፑን ሁሉ አዳርሷል። ከዚያ ወዲያ መጠጥ ትጠጣለህ ወይ ብዬ የጠየቅኩት ሁሉ፣ አረቄው ከአፉ እየሸተተኝ፣ "ኧረ እኔ አልቀምስም፣ እህቴ" ይለኛል። ጉበቱ አብጦ ዓይኑ ብጫ የሆነ የወሎ ልጅ እንኳ እንዲያ አለኝ። ግድግዳው ጋ ወስጄው፣ ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩለት። አንገቱን ነቀነቀና፣ "ለትራክተር ነጂውም እንዲያ ብለሻቸው ይሆናል" አለኝ። ኪኒኑን ተቀብሎኝ ሄደ። አልፈረድኩበትም። ኃላፊውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።