ፖዚቲፍ ያሏት ዕለት

ማናለብሽ በዕድሜዋ ሲጋራ አፏ ገብቶ አያውቅም። ሮተርዳም ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ቢሮ ስታጸዳ የሌላውን ሰው መተርኮሻ ስትደፋ ኖረች እንጂ። በ2014 ሳሏ አልለቅ ብሎ፣ ሻርሎይስ ሰፈር ካለው ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ቦታ ማረፍ ጀመረች። የሰፈር ሐኪሟ ሁለቴ ሽሮፕ ሰጣት፤ በሦስተኛው ሆስፒታል ላካት። የሳንባ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ጉበቷም ላይ ደርሷል።

ከሳንባዋ ቁራጭ ወሰዱ። የሆስፒታሉ ሐኪም ለልጇ ለኑኃሚን አስረዳት፤ በዕጢው ላይ ሚውቴሽን የሚሉት የዘረመል ለውጥ ከተገኘ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ኪኒን አለ፤ ካልተገኘ ኬሞ ነው። ኑኃሚን ግማሹን በደች ግማሹን በአማርኛ ነገረቻት። ማናለብሽ በቅጡ የያዘችው ኪኒን የሚለውን ብቻ ነበር።

ውጤቱ የመጣ ቀን ኑኃሚን ፈተና ላይ ስለነበረች ብቻዋን ሄደች። ሐኪሙ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ።

"መልካም ዜና! ፖዚቲፍ ነዎት! በዚህ ሳምንት እንጀምራለን።"

ለእሷ ዘመን ሰው ይቺ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያላት። "ካንሰሩ አንሶ! ደግሞ ይስቃል!" አለች በልቧ። አመስግና ተነሣች። የመድኃኒት ማዘዣውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ሦስት ቀን ከሆስፒታል ሲደወል አላነሣችም። ለኑኃሚን "ገና አልደረሰም" አለቻት። ኩባያዋን ግን ለየች።

ኩባያ መለየት ታውቅበታለች። ድሮ በስደተኞች መጠለያ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ የትነበርሽ ቫይረሱ በደሟ እንዳለ እምነት ጥላ የነገረችው ለእሷ ነበር። ማናለብሽም በማግስቱ በጓደኛዋ ኩባያ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረገች። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ይሳሳማሉ፤ ቤት ለቤት ግን አይጠያየቁም።

በአራተኛው ቀን ሌላ ማን አላት? ራይስዋይክ ከተማ ለምትኖረው ለየትነበርሽ ደወለች።

"የትንዬ፣ እኔም እንዳንቺ ሆንኩ። ፖዚቲፍ ነሽ አሉኝ።"

የትነበርሽ ጠየቀቻት፣ "ደምሽን ወስደው ነው?"

"ኧረ ከሳንባዬ ቆርጠው ነው።"

"የኔዋ እኮ በደም ነው የምትታየው። ምን ሊፈልጉ ነው የቆረጡት?"

"ሚውቴሽን ነው ምን የሚሉት። ካለ ኪኒን አለ ብለው።"

ከወዲያ ማዶ ሳቅ ፈነዳ። "አንቺ ደንቆሮ! አለ ማለታቸው ነዋ! የሚፈልጉት ተገኘ! ሰው የምሥራች ሲነገረው ይሸሻል?"

ማናለብሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ስሚ ማንዬ። እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኪኒን ስውጥ ይኸው አለሁ። ነገ ሄደሽ ያንቺን ትቀበያለሽ። ወይስ መጥቼ በጆሮሽ ልጎትትሽ?"

"የዚያን ጊዜውን ኩባያ..."

"እሱን ስትድኚ እንጣላበታለን።"

በማግስቱ ሄደች። የሆነውን ስትነግረው ሐኪሙ ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቃት። ኪኒኑ በቀን አንድ ነው። ፊቷ ሽፍታ አወጣ፣ ሆዷም ተቆጣ፤ ሳሏ ግን በሦስተኛው ሳምንት ተዋት። በሦስተኛው ወር ፎቶ ሲነሣ ዕጢው ከግማሽ በታች ወርዷል። ሐኪሙ ኪኒኑ ዕጢውን ጨርሶ እንደማያጠፋው፣ ዕጢው አንድ ቀን ኪኒኑን ሊለምደው እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ሌላ እንደሚፈልጉ አልደበቃትም። ማናለብሽ ነገሩ ገባት። ቢሮም እኮ ዛሬ ጸድቶ ነገ ይቆሽሻል፤ ያም ሆኖ ዐሥራ ስምንት ዓመት ስትሠራ አልሰለቻትም።

ራይስዋይክ ስትሄድ የየትነበርሽን ደረጃ አንዴም ሳታርፍ ወጣች። ሻይ ቀረበላት። ኩባያው ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ደነገጠች። ቀና ስትል በየትነበርሽም ኩባያ ላይ ያው ነጥብ አለ።

"እዚህ ቤት" አለች የትነበርሽ ስኳሩን እያቀረበች፣ "የሚጠጡት ፖዚቲፎች ብቻ ናቸው።"