ክሬሙ የሚገባው ዱዓው ሲያልቅ ነው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዋናዋ ወጥ ቤት እትዬ በላይነሽ ቢላዋ አላስጨበጡኝም። ንጹሕ ፎጣ ሰጡኝና «የተከተፈውን ማንጎ አድርቂ» አሉኝ። ፍሬ እንደ ልብስ ይደርቃል ወይ ብዬ ሳቅሁ።

«ሳቂ፣ ሳቂ! ክሬሙ ውሃ ሲሆን ማን እንደሚስቅ እናያለን» አሉ።

አሶሳ ውስጥ የድግስ ሥራ የተማርኩት እንዲህ ነው። የእኔ ድርሻ እሳት የማይነካው የፍራፍሬ ሰላጣ ሆነ። ማንጎ፣ ፓፓያና ሙዝ ይከተፋል፤ በወንፊት ይንጠፈጠፋል፣ በፎጣ ይደርቃል። ከዚያ በበረዶ ላይ ከተመታ ክሬምና ከጣፋጭ የጣሳ ወተት ጋር ይቀላቀላል።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ፓፓያ ከወተት ጋር ሲቆይ ይመራል፤ ማንጎም ውሃ ይለቃል። ስለዚህ የሚቀላቀለው እንግዳው ሊበላ ሲል ብቻ ነው። በእኛ አገር ሰርግ ደግሞ ከመብላቱ በፊት ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ፤ መቼ እንደሚያበቁ የሚያውቅ የለም።

መላውን ያመጣው ባለቤቴ ታደሰ ነው። ማንጎውን ከባምባሲ ጭኖ ያመጣልኛል፤ ካራገፈ በኋላ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ወደ ድንኳኑ ይመለከታል። ዱዓው ሲያልቅ ኮፍያውን ያነሳልኛል፤ እኔም እቀላቅላለሁ።

አንድ ጊዜ ዱዓውን የሚመሩት ሼክ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም ሲሉ ኮፍያው ተነሳ። ቀላቀልኩ። ሼኩ ቀጠሉ። ታደሰ ኮፍያውን መልሶ ደፋ፤ እኔ ግን ክሬሙን ከማንጎው መልሼ እንዴት ላውጣው!

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አቻኮለህ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ አሚን ብዬ ጨርሼ ነበር እኮ!»

ደግነቱ አልመረረም፤ ቀጥኖ ብቻ ነበር። እንግዶቹ በብርጭቆ ጠጡት። በሚቀጥለው ሰርግ «ያ ጭማቂ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ታደሰ ካረፈ በኋላ ትእዛዝ መቀበል ተውኩ። ሰበቤ ብዙ ነበር። እውነቱ ግን ያንን በር ባዶውን ማየት አልቻልኩም። ጎረቤቴ ሐጃ ዘሃራ ግን እምቢታ አይገባቸውም። አፋቸውን የፈቱት በበርታ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛቸው ሁላችንም አንተ ነን።

«የልጄ ሰርግ አለ። ሰላጣ አንተ ትሠራለህ» አሉኝ።

«ሐጃ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ሌላ ሰው ያን ጭማቂ ያውቃል?»

ሳቄ አመለጠኝ። ከሳቅሁ በኋላ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

የሰርጉ ዕለት ፍሬው ደርቆ፣ ክሬሙ በረዶ ላይ ተቀምጦ ጠበቅሁ። ዱዓው ተጀመረ። ድንኳኑ ጸጥ ሲል በልማዴ ወደ በሩ ዞርኩ። ማንም የለም። እጄ ማማሰያው ላይ እንዳለ ቀረ። በረዶው ይቀልጣል። ያን ቀን ክሬሙ ቢበላሽብኝ ወደ ሥራው ዳግመኛ እንደማልመለስ ልቤ ያውቀዋል።

በዚህ መሐል የሙሽራዋ እናት ሐጃ ዘሃራ የክብር ቦታቸውን ትተው በሩ ላይ ቆሙ። የለበሱትን ቶብ ጫፍ ከፍ አደረጉ፤ ወዲያው መልሰው አወረዱት።

«ቆይ! ቆይ! ሽማግሌው እንደገና ጀመረ፣ ወላሂ!»

ማድ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ቶቡ ተነሳ።

«አሚን! በል፣ ቀላቅል!»

ቀላቀልኩ። ሳህኖቹ ተጠርገው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ እቀበላለሁ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ፍሬውን አድርቁ፣ ክሬሙን አቀዝቅዙ፣ እስከ መጨረሻው ለየብቻ አቆዩዋቸው። በሩ ላይ ሰው አቁሙ። ለብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም።